የለበሰው ፍሪጅ

ከትምህርት ቤት ደብተር በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም። ለሰው ደብዳቤ እንኳ ልኬ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ለምን እንዳቆምኩ የጠየቀኝ ሰው ካለ መሬት መሬት እያየሁ "እንዲሁ ነው" እላለሁ። እንዲሁ አይደለም። ያቆምኩት በአንድ ፍሪጅ ምክንያት ነው። በአፌ ለማንም ስላልነገርኩት እዚህ ልጻፈው።

ፍሪጁ የአክስቴ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኛ የምንኖረው ከአቀስታ ወዲያ፣ ገብስ እንኳ እየፈራ በሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። በአቅራቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና አባቴ መካነ ሰላም ወስዶ እሷ ቤት አስገባኝ። ሲያስረክበኝ "ልጅሽ ናት፣ እንደ ወደድሽ አድርጊያት" አላት። አክስቴ ይህን ቃል አንድም ቀን አልረሳችውም። ውኃ መቅዳቱ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ግቢ መጥረጉ የእኔ ሆነ። በሥራው አላማርርም፤ ዘመድ ቤት የሚማር ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው። የምጠላው አፏን ነው። ሰው ፊት "የወንድሜ ልጅ" ነኝ፤ ሰው ሲወጣ "ይቺ ድዳ" እሆናለሁ። ድዳ አልነበርኩም። ሰው ሲያየኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀርብኛል እንጂ።

ክፍል ውስጥም ያው ነበርኩ። ሰባተኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ አስተማሪያችን አንድ ብርዳም ጠዋት ጋቢውን አውልቆ ለጠረጴዛው አለበሰና "ጋቢ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም?" ብሎ ጠየቀን።

"ይሞቃል!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"እንግዲያው ጠረጴዛው ሞቆታላ! ኑና ንኩት።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ መልሱን አውቄዋለሁ። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚሞቀው ሰውየው ነው፣ ጋቢው የሰውየውን ሙቀት እንዳይሸሽ ይዞ ያቆይለታል። እጄን ማውጣት ፈርቼ በአንድ ለአምስት ቡድናችን አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ በሹክሹክታ ነገርኳት። እሷ ተነሥታ መለሰች፤ ጭብጨባውም የእሷ ሆነ። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ፦ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፣ በራሱ ወደ ኋላ አይመለስም፣ እንመልሰው ካልን ጉልበት ማውጣት አለብን ብሎ ጻፈልን። ያ ደብተር አሁንም አለኝ።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን አለፍኩ። ዘጠነኛ ለመመዝገብ አሳዳጊ ራሱ ቀርቦ መፈረም ነበረበት። የአክስቴ አንድ ልጅ አረብ አገር ነበረች፤ ለእኔ ክፉ ቃል ወጥቷት የማያውቅ ከዚያ ቤት እሷ ብቻ ናት። በስልክ "እማ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ልጅቷ ትማር፤ እኔ ያልደረስኩበት ትድረስልኝ" ብላ ለመነችልኝ። አክስቴም "እሽ፣ አረፋ ይለፍና ሄጄ እፈርማለሁ" አለች። የዚያን ዓመት አረፋ ከመስከረም ጋር ገጥሞ ነበር። ምዝገባው የሚዘጋው በዓሉ ካለፈ በሳምንቱ ነው። ቀን ስቆጥር ከረምኩ።

ፍሪጁ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ልጇ በላከችው ተገዝቶ ከደሴ በአይሱዙ መጣ፤ አራት ወንዶች በጭቃው እየተንሸራተቱ ሳሎን አስገቡት። ከአጥር ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሊያዩ መጡና ዞር ዞር ብለው ተመለከቱት።

"በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርግልሻል? ውኃውን ደጅ ብታሳድሪው አይበቃሽም?"

"ደጅ ያደረና ፍሪጅ ያደረ ውኃ አንድ ነው እንዴ?" አለች አክስቴ።

"ወላሂ ጥርስ በመንቀል አንድ ናቸው!" ብለው ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም።

እኛ ዘንድ የከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቆምም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ የውኃው ጀሪካን እንኳ ቀሚስ አለው። አክስቴ ነጭ ክርና ኪሮሽ ሰጠችኝና "ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ፊቱንም ጎኑንም ጀርባውንም፤ እንደ ሙሽራ እንዲሆን" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሠራሁት። በሩ ላይ ጽጌረዳ አወጣሁበት። መቼም ልዋሽ አልችልም፣ ኮርቼበት ነበር።

ገና ጎኑን እየሠራሁ ሳለ መብራት ጠፋ። አክስቴ "ብርዱ ወጥቶ ሊያልቅ ነው!" ብላ ልጇ የላከችውን ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣችና ፍሪጁን ከነጀርባው ጠቅልላ በመቀነቷ አሰረችው። መብራቱ በማግስቱ ሲመጣ ከፈተችው። በረዶው እንደ ድንጋይ ደርቆ ቆይቷል።

"አየሽ?" አለችኝ በረዶውን በጥፍሯ እየመታች። "አንቺ ሰባት ዓመት ስምንት ዓመት የምትቆጥሪበትን እኔ ፊደል ሳልቆጥር አውቀዋለሁ።"

በዚህ ልክ ነበረች። ብርድ ልብሱ የሰውን ሙቀት እንዳይወጣ እንደሚይዝ ሁሉ የውጪውንም ሙቀት እንዳይገባ ይይዛል። ስህተቱ ከዚያ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱን አላወለቀችውም። መብራት ኖረም አልኖረም ይልበስ አለች፤ ዳንቴሉን ከላይ ደረብንበት፣ አቧራ እንዳይገባ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አጣበቅነው።

አንድ ቀን የክሬ ድውር ተንከባሎ ከፍሪጁ ኋላ ገባብኝ። እጄን በግድግዳውና በብርድ ልብሱ መካከል ሰደድኩት። እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይፋጃል። ከጀርባው ጥቁር ሽቦ ተደርድሮበት ነበር፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው። በፊት እያረፈ የሚያጉረመርመው ሞተርም ማረፍ ትቷል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ከሆዱ ያለውን ሙቀት በመብራት ጉልበት እያወጣ በጀርባው ይጥለዋል። እኛ ደግሞ የሚጥልበትን በር ዘግተን ጋቢ አልብሰነዋል።

አክስቴ ከጎረቤታችን ጋር ተቀምጣ ነበር። ፊታቸው ቀረብኩ።

"አክስቴ፣ ጀርባው እኮ... ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ቢገልጡት..."

"ሙቀት የሚወጣው?" ቀና አለች። "እኔ ያስገዛሁት ፍሪጅ ነው ወይስ ምድጃ?"

ጎረቤታችን በሳቅ ሞቱ። "ድዳዋ አፍ ስትፈታ በፍሪጅ ጀመረች በሉኛ!"

ወደ ጓዳ ገባሁ። ሁለተኛ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ያፈርኩ አስመስዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ እፍረት ብቻ አልነበረም። ይቃጠልባት ብያለሁ።

አረፋ ደረሰ። በጉ ታረደ፣ ለጎረቤትና ለድሃ የሚሰጠው ተሰጠ። በሌላው ዓመት የተረፈውን ዘልዝለን፣ ጨውና በርበሬ ነስንሰን፣ ገመድ ላይ ሰቅለን ቋንጣ እናደርገዋለን። እንደ ልማዴ ቢላዋውንና ገመዱን ይዤ ስመጣ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ዘንድሮ ቋንጣ የለም። ልጄ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የዛሬ አሥር ቀን ትገባለች፤ የደረቀ ሥጋ ላብላት ነው? የአረፋዋን በግ እንደ ታረደ ነው የምትበላው!"

ሥጋው ገና ትኩስ ነበር፤ ቆዳው ከተገፈፈ ሰዓት አልሞላውም። እስከ በሩ ድረስ ጠቅጥቃ ዘጋችበት። ሞተሩ ዳገት እንደሚወጣ የተጫነ መኪና ያቃስት ጀመር። በማግስቱ ጸጥ አለ። አክስቴ "አሁን ጠገበ" አለች።

በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን ከበሩ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው "ምን ሞተባችሁ?" አሉ። ከፈትነው። ከሥር ደም የቀላቀለ ውኃ ወረደ፤ ሥጋው አረንጓዴ ሆኗል። ውሻ እንዳያወጣው ጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ትረግመኛለች።

"ሶኬቱን ነቅለሻል። የልጄ ዕቃ ቤቴ ከገባ ጀምሮ ዓይንሽ ደም ለብሷል። ምቀኛ! የምቀኛ ልጅ!"

ለልጇም ደውላ ይህንኑ ነገረቻት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"ለምን?" አለችኝ የአክስቴ ልጅ። ድምፅዋ ደክሟል። "የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ የከረምኩበት እኮ ነው። ባትወጂው እንኳ ለምን ነቀልሽው?"

አላደረግሁትም ልላት ፈለግሁ። አክስቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቃሉ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ስልኩም ተዘጋ።

በማግስቱ አክስቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አስመጣች። ጎረቤታችንም መሣሪያው ሲፈታ ለማየት መጥተዋል። ሰውየው ፍሪጁን ከግድግዳው አላቆ ዳንቴሉን ገለጠ፣ ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ መቀነቱን አንጠልጥሎ ያዘ።

"ታሞ ነው እንዴ? ማነው እንዲህ የሸፋፈነው?"

"መብራት ሲጠፋ ብርዱ እንዳይወጣ..." አለች አክስቴ።

"መብራት ሲጠፋስ ይሁን። ሲመጣ ማውለቅ ነው እንጂ! ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እኮ ነው የሚተፋው። አፉን አፍናችሁ ገደላችሁት፤ ሞተሩ ተቃጥሏል።"

አክስቴ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "እሷ ናት! በእጇ ሠርታ ያለበሰችው እሷ ናት። ደግሞ ተማርኩ ትላለች!"

ሰውየው ዞሮ አየኝ። "ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ስምንተኛ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ ይህን አልተማራችሁም?"

የአክስቴ ልጅ የደከመ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር። ቀና አልኩ።

"ተምረናል። ነግሬያቸውም ነበር። 'ምድጃ ነው ወይ' አሉኝ።"

ሰውየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ጎረቤታችንም "እውነቷን ነው! በእኔ ፊት ነው የነገረቻት!" እያሉ ሳቁ። የአክስቴ ፊት ግራጫ ሆነ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሙሉ ነገር ተናግሬ ነበርና ደረቴ ቀለለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

ሰውየው ወሬውን ገበያ አደረሰው። በነጋታው አክስቴ በር ላይ ስትቆም መንገደኛው "እንዴት አደርሽ፣ ምድጃሽ ደህና አደረች?" ይላታል። ገብታ በሩን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ስድቧን ናፈቅሁ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዩኒፎርሜን አጥቤ፣ የሚኒስትሪ ካርዴን በፌስታል ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

"አክስቴ፣ ዛሬ ይዘጋል።"

"ምኑ?"

"ምዝገባው። ይፈርሙልኝ ብዬ ነው።"

ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። "እኔ ምን አውቄ? ፍሪጅና ምድጃ የማትለይ ሴት ምን ብላ ትፈርማለች? የሚያውቅ ፈልጊ።"

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ያለ አሳዳጊ አይሆንም አሉኝ። አባቴ የአንድ ቀን መንገድ ራቅ ብሎ ነው ያለው፤ ቢደርስም ከእሷ ቃል አይወጣም። በሩ እስኪዘጋ አጥሩ ሥር ቆሜ የሚገቡትንና የሚወጡትን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት "አባትሽ ጋ ትሄጃለሽ" አለችኝ። ልጇ ልትገባ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ለምን እንደቸኮለች ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዛሬ ይገባኛል። ልጇ መጥታ ብትጠይቀኝ እውነቱን እንደምነግራት ፈርታለች፤ አፍ እንዳለኝ አይታለችና።

መናኸሪያ ድረስ ራሷ ወሰደችኝ። የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላ እቅፌ ላይ ጣለችው። ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ የበሰበሰ ሥጋ ሽታው አልለቀቀም ነበር፤ ለዚህ ነው የሰጠችኝ።

"ወስደሽ ልበሽው፣ አገርሽ ብርድ ነው" አለችኝ።

በሩ ላይ ዘወር ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኳት። "አክስቴ፣ ለሚመጣው ዓመት እንኳ..."

"ያወቅሽው ይበቃሻል።"