ባለቤት ያጣው ሃያ እርምጃ

ልብስ ሰፊዋን መንደሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን የቀመሱት ግን ሌላ ይላሉ። ባሏን ፈትታ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ግቢ፣ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ መስኮት አላት፣ አልጋ አላት፣ የስፌት መኪና አላት፤ በሯ ግን ወደ ወንድሟ ግቢ እንጂ ወደ መንገድ አይከፈትም። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራው ወንድሟ በር ላይ ነው። ወንድሟማ ምን ሊጣራ፤ የተቀደደ ሱሪውን ይዞ ሰተት ብሎ ይገባና መኪናው ላይ ጥሎላት ይወጣል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግቢው የሱ ነው፣ እህቱም የሱ ናት፣ አለቀ።

መንደሩ ከምንጩ ውሃ በቧንቧ ሊያወርድ የተነሳው ከላይ የሚመጣ እርዳታ ጠብቆ ጠብቆ ሲታክተው ነው። ቧንቧው በመዋጮ ተገዛ፤ ቦዩን ደግሞ እያንዳንዱ ቤት አሥራ ሁለት እርምጃ ይቆፍር ተባለ። የቆፈረ ቤት፣ ቦኖው የት ይተከል ሲባል እጁን ያወጣል። ያልቆፈረ አርፎ ይቀመጣል።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤት የቆጠሩት በመንገዱ እየሄዱ ነው፤ ወደ መንገድ የሚከፈት በር ሁሉ አንድ ቤት ተባለ። አርባ ሆነ። መርፌ ይህን ስትሰማ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

«መምህር፣ እኔን ረስተውኛል።»

«አልረሳሁሽም ልጄ። አንቺ ከወንድምሽ ቤት ነሽ፤ እሱ ይቆፍርልሻል።»

«የምበላውን ሠርቼ የማመጣው እኔ፣ ጣሪያዬ ሲያፈስ የምደፍነው እኔ። ቤት ማለት ሌላ ምንድነው?»

«በርሽ ወደ መንገድ አይደለማ» አሉና መዝገባቸውን ዘጉት።

ወንድሟ ሲሰማ ባሰበት። «እኔ ቆሜ እየሄድኩ እህቴ ዶማ ልትይዝ? ሰው ምን ይለኛል?» አላት። አንጀቷን ያሳረራት ይሄው ነበር። የቁፋሮ ናፍቆት አልያዛትም፤ ማንን ይዞት ያውቃል? ቤት ተብላ መቆጠር ፈለገች፣ በቃ።

አሁን ስህተቱን ልንገራችሁ። መምህሩ ሎጋ ናቸው። ከምንጩ እስከ መንደሩ ያለውን በራሳቸው እግር ለክተው አራት መቶ ሰማንያ እርምጃ አገኙ፤ ለአርባ ቤት ልክክ። ድርሻው ምልክት በሚደረግበት ቀን ግን ጉልበታቸውን አመማቸውና ሥራውን ለባለሱቁ ሰጡት። ባለሱቁ ደግሞ፣ ሐሜት አይሁንብኝና፣ ከመደርደሪያ ላይ ስኳር ለማውረድ በርጩማ የሚፈልግ ሰው ነው። እግሩን የቻለውን ያህል እየዘረጋ ለካ፤ ቁመት ግን በመንጠራራት አይመጣም።

ሁሉም ድርሻውን ቆፍሮ ሲጨርስ መንደሩ ጫፍ ላይ ሃያ እርምጃ ሳይነካ ቀረ። ያውም ድንጋያማው። ሕዝቡ ተሰበሰበ። መምህሩ ባለሱቁን አዩት፣ ባለሱቁ እግሩን አየ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ...» ብለው ጀመሩ መምህሩ።

«እኛ ሎሚያችንን አውርደናል፣ መምህር» አላቸው አንዱ፤ ሳቅ ሆነ።

መርፌ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ባለቤት ከሌለው የእኔ ይሁን።»

ወንድሟ ፊቱን አጠቆረ። «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም፣ ጋሼ።» በስድስት ዓመት ውስጥ እምቢ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። ወደ መምህሩ ዞረችና «ቤት ብለው ይጽፉኛል?» አለቻቸው።

«ከጨረስሽው እጽፋለሁ» አሉ ዝግ ብለው።

ጠዋት ትቆፍራለች፣ ከሰዓት ትሰፋለች። መዳፏ ተልጦ የደንበኛ ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ስላስነካች እጇን በጨርቅ ጠቀለለችው። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ድንጋይ ጋር ተፋጥጣ አለቀሰች፤ በንዴት እንጂ በሐዘን አይደለም። ጎረቤቷ ባዋሰቻት ድጅኖ ድንጋዩን ፈነቀለችው። ወንድሟ በየቀኑ በዚያ ያልፋል፤ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ይሄ ከድንጋዩ ይልቅ ከበዳት። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ደንዞ ያደረውን ዶማዋን ተስሎ አገኘችው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሞረድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶማዋን አንስታ ወደ ቦዩ ወረደች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጨረሰች። በስብሰባው መምህሩ መዝገቡን ከፍተው አርባውን ቤት ጠሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉና «አርባ አንደኛ ቤት፣ ልብስ ሰፊዋ» አሉ። ቦኖው የት ይተከል ሲባል እሷም የተጠቀለለ እጇን አወጣች። ቦኖው እሷ በመረጠችው ቦታ አልተተከለም፣ ብልጫ ድምፅ ያገኘው ሌላ ቦታ ነው። ቅር አላላትም።

በማግስቱ ስትሰፋ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች። የወንድሟ በር ላይ መስሏት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች። ድምፁ ደገመ፤ ቅርብ ነው፣ የምታውቀውም ነው። ቀና ስትል ወንድሟ በሯ ላይ ቆሟል፣ ከደፉ ወዲያ። ሱሪውን አጣጥፎ በብብቱ ይዟል።

«ቤት ለእንግዳ፣ ጋሼ» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ገባና የት እንደሚቀመጥ ጠፋው። ወንበሩ ላይ የተከመረውን ጨርቅ አንስታ ቦታ ለቀቀችለት።