በፌስታል የመጣው እምቦጭ

ሥራ የገባሁ ዕለት አሠሪየ ኢንጂነሩ በጓሯቸው ያለውን ኩሬ እየዞሩ አሳዩኝ። ቤታቸው ከጣና ሐይቅ አጠገብ፣ ሹም አቦ የሚባል ሰፈር ነው። ኩሬው በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ፣ ጥልቀቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ ነው። ውስጡ ኮይ የሚባሉ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ዝንጉርጉር ዓሦች ይዋኛሉ። ፓምፑን አሳዩኝ፣ ማጣሪያውን አሳዩኝ፣ የዓሦቹን መኖ አሳዩኝ። ውኃው በየት እንደሚወጣ ግን አላሳዩኝም። እሱን በኋላ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። ከአጥሩ ሥር ያለች ቱቦ ናት፤ ኩሬው ሲሞላ ትርፉን ወደ መንገዱ ቦይ ታፈሳለች።

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። አባቴ ታንኳ ይሠራ ነበር፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ኑሩ መረብ እንጥል ነበር። ያ እምቦጭ የሚሉት አረም መጥቶ የጣናን ፊት ሲሸፍነው መረቤ ከዓሣ ይልቅ አረም ይስብ ጀመር። ጉልበቴም ደከመ። ኑሩ እዚያው ቀረ፣ እኔ ወጣሁ። ሥራ ማግኘቴን ስነግረው ከታንኳው ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ዕድሜህን ሁሉ ዓሣ ስታጠምድ ኖረህ አሁን ለዓሣ አሽከር ሆንህ? ደግ አደረጉ! የዘመዶቻቸውን ብድር ይመልሱብህ!»

ኢንጂነሩ ለፋብሪካ ሥራ ከአዳማ የመጡ ሰው ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ይህን አልክድም። «ጋሽ ሰይድ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ እንዳያጥቡት» አሉኝ። «ያ የሚያዳልጠው ነገር ቆሻሻ እንዳይመስልዎት። ሕይወት አለው። የዓሣውን ኩስ የሚበላው እሱ ነው። የቧንቧው መድኃኒት ይገድለዋል።» ከዚያ ወዲህ ስፖንጁን ከኩሬው በቀዳሁት ውኃ ጨመቅ ጨመቅ ነው የማደርገው። የቧንቧ ውኃም አፉ በተከፈተ በርሜል አድሮ፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይጨመራል። ዓሣ ድንገተኛ ነገር አይወድም።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ያኔ ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰዋለሁ፤ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። የኢንጂነሩ ባለቤት ወይዘሮ ትዕግስት ከበረንዳ ሆነው ያዩኛል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ደግሞ ውኃውን ሊያስተነፍሱት ነው?»

«አዎ እመቤቴ፣ ትንፋሽ አጥሮታል።»

አንድ ቅዳሜ የኢንጂነሩ መሥሪያ ቤት ለእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ወጣ። ማታ ሲመለሱ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ደስ አለኝ። ለኛ ሐይቅ ደክመው የመጡ ሰው ናቸው። በእጃቸው ግን ፌስታል ይዘዋል። ከውስጡ ሐምራዊ አበባ ያለው እምቦጭ ከነሥሩ አወጡና ኩሬው ላይ ጣል አደረጉት።

ደሜ ፈላ። «ኢንጂነር፣ ሲነቅሉት ውለው ይዘውት መጡ?»

«አያምርም? ለውኃውም ጥሩ ነው፣ ሥሩ ቆሻሻውን ይመጥጠዋል። ደግሞ አጥር ግቢ ውስጥ ነው፣ የት ይሄዳል?»

አልዋሽም፣ ውኃው ጠራ። እምቦጩ ግን በአንድ አልቀረም፤ ብዙም ሳይቆይ የኩሬውን እኩሌታ ሸፈነው። ጠዋት ስመጣ ዓሦቹ ባልተሸፈነው ጥግ ተሰብስበው አፋቸውን ከውኃው በላይ ያላውሳሉ። ከፊሉን ለቅሜ አወጣሁት፣ ቆርቆሮ ላይ አድርቄ አቃጠልሁት። ተመልሶ ሞላ። ሰማዩ መዳመን ሲጀምር ኢንጂነሩን ወስጄ ቱቦዋን አሳየኋቸው።

«ክረምት መጣ። ኩሬው ሲሞላ በዚህ ይወጣል። ቦዩ ሐይቅ ይገባል። ቦዩ ከሚገባበት ወንድሜ መረብ ይጥላል።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ጋሽ ሰይድ፣ ሐይቁ እንደሆነ ተሸፍኗል። የኛ አንድ ቅጠል ምን ይጨምራል?»

ይህን ቃል ስንት ሰው አፍ ላይ ሰማሁት! ሐይቁ እንደሆነ ቆሽሿል ብሎ አንዱ ዳሩ ላይ መኪናውን ያጥባል። ሐይቁ እንደሆነ ቆሽሿል ብሎ ሌላው ፍሳሹን ይለቅበታል። የሚያወራው ሁሉ ከሌላው በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ ያቆሸሸው ሰው እስካሁን አልተገኘም!

የቱቦዋን አፍ በወንፊት ሽቦ ጋረድሁት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱን ቅጠል ደፈነው፣ ውኃው በዳር ሞልቶ በአጥሩ ሥር ሄደ። ምን ይዞ እንደሄደ እንጃ።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ዘመቻ ተጠራ። ኢንጂነሩ የዘመቻውን ቲሸርት ለብሰው ሲጣደፉ መጡ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ቦት ጫማዬን አላዩትም?»

«ኩሬው ዳር አስቀምጨልዎታለሁ።»

«ለምን እዚያ?»

«ዘመቻ አይደለም? ከዚህ ይጀምሩ ብየ ነዋ።»

ወይዘሮ ትዕግስት ከበረንዳው ሳቃቸው አመለጣቸው። በር ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። የኢንጂነሩ ፊት ጠቆረ።

«ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ የቀልድ ሰዓት አይደለም።»

«እኔም አልቀለድሁም። ይህ ነገር እዚህ ከዋለ እኔ ነገ እዚህ አልውልም።» ለአሠሪ እንዲህ ብየ አላውቅም።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ወይዘሮ ትዕግስት። «ወይ እምቦጩን አስወጣ፣ ወይ ቲሸርቱን አውልቅ።»

ኢንጂነሩ ወደ ኩሬው ሄዱ። ቦት ጫማቸውን ከዳሩ አንስተው እያጠለቁ፣ «ያውጡት» አሉ። «ውኃው ቢበላሽ ግን እርስዎን ነው የምጠይቅ።»

«ይጠይቁኝ።»

ኩሬው ውስጥ እስከ ወገቤ ገብቼ ቅጠሉንም ሥሩንም ለቅሜ አወጣሁ። እንደተፈራውም ውኃው አረንጓዴ ሆነ። ኑሩ ከሐይቁ ታንኳ የሚሠራበትን ቄጠማ፣ ደንገል አመጣልኝ፤ የሱም ሥር ቆሻሻ ይመጥጣል፤ ሥሩን አጥቤ፣ ጠጠር በሞላሁበት ቅርጫት ተክየ ዳር ዳሩን አስቀመጥሁት። ፀሐይ በሚበረታበት በኩል ሰሌን ጋረድሁ። መኖ ቀነስሁ፣ ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ጨመቅሁ። ቀስ እያለ ጠራ። ኢንጂነሩ አንድ ቀን መጥተው ዓሦቹን አዩና «ጠርቷል» አሉ። «ጠርቷል» አልሁ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ቦዩን ተከትየ ሐይቁ ድረስ ወረድሁ። ኑሩ በመቅዘፊያው ከመረቡ ላይ እምቦጭ ያነሳል፣ አበባው ሐምራዊ ነው።

«ጋሼ!» አለ እየሳቀ። «ይህኛው ከእናንተ ቤት የመጣ ይሆን?»

አይደለም ልለው አፌን ከፈትሁ። የምምልበት አጣሁ። ኑሩ ለቀልድ ነበር የጠየቀኝ፤ እኔ ግን ጎንበስ ብየ ከዳር ያለውን እምቦጭ መልቀም ጀመርሁ። ለአንድ አበባ ሲባል የገዛ ወንድሜን ዓይን ማየት አቃተኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ኩሬ ለመጠበቅ የምትቀጠሩ ሁሉ፣ ሥራ የገባችሁ ዕለት ከፓምፑ በፊት ውኃው በየት እንደሚወጣና ማን ደጅ እንደሚደርስ ጠይቁ።