ለእፀገነት የተሰፉ ኮሌታዎች

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ዘይቱናን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ ሰው ነው። በእጇም በአፏም ትታወቃለች። ባሏ አህመድ በሕይወት ሳለ በነበራቸው ልብስ ስፌት ቤት፣ እሱ አንድ ሱሪ ሲጨርስ እሷ ሁለት ትጨርስ ነበር። አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። መልስ ሊያስቀርባት የሞከረ የታክሲ ረዳት ጦር ኃይሎች እስኪደርስ ድረስ አሳሩን ያያል። አህመድ ሲሞት የተከራዩትን ሱቅ ለባለቤቱ መልሳ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ የልብስ ፋብሪካ ተቀጠረች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

አሥሩን ዓመት የሠራችው ከሰው ጋር ነው። ሱፐርቫይዘሩ ገረሱ ይቆጣታል፣ እሷም ትቆጣዋለች። ልጅ ታሞብኛል ስትለው ፊቱን አጥቁሮም ቢሆን "ሂጂ" ይላት ነበር። አምና ግን ሲስተሙ መጣ። ሠራተኛዋ አንድ እስር ኮሌታ ሰፍታ በጨረሰች ቁጥር ባጇን የስፌት መኪናዋ ላይ ከተገጠመው ዕቃ ጋር ታስነካለች፣ እሱ ይቆጥራል። ሰኞ ጠዋት ማን የት እንደሚሠራ በር ላይ ባለው እስክሪን ይወጣል። ቁጥሯ ዝቅ ያለባት ሴት ስሟ "ተጠባባቂ" ከሚለው ሥር ይጻፋል። ተጠባባቂ ማለት ቤትሽ ተቀምጠሽ እስክንደውልልሽ ጠብቂ ማለት ነው። እስካሁን የተደወለላት ሴት የለችም። ባንክ በሄድን ቁጥር "ሲስተም የለም" ተብለን በምንመለስበት አገር፣ ይሄኛው አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ለክፋት ሲሆን መብራትም ኔትወርክም ሙሉ ነው።

ከዘይቱና አጠገብ የምትሰፋው እፀገነት ነበረች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጽንስ ወርዶባታል። አሁን ሦስተኛውን ይዛ አምስት ወሯ ነው። ሐኪሙ ብዙ አትቁሚ፣ ከባድ ነገር አታንሺ ብሏታል። ኮሌታ የሚሰፋው ተቀምጦ ስለሆነ እሱስ ይሁን፤ ነገር ግን ወገቧን እያመማት እጇ ዘገየ፣ ቁጥሯም በየሳምንቱ ይወርድ ጀመር። የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ገረሱ ዘንድ ብትሄድ "በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ለሲስተሙ ላኪው እንጂ እኔ ምን አደርግበታለሁ?" አላት። ላከችው። "ማስረጃዎ ደርሶናል፤ በሃያ አንድ የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ያገኛሉ" የሚል መልእክት መጣላት። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ የሥራ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ይመስል!

"እኛ እያለንማ ተጠባባቂ አትገቢም" አለቻት ዘይቱና።

በዚያው ቀን አንድ እስር ኮሌታ ሰፍታ፣ ባጇን ሳታስነካ እፀገነት ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችላት። ከፊታቸው የምትሰፋው ጁወይሪያም አይታ እንዲሁ አደረገች። ከወዲያኛው ረድፍ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። ስብሰባ አልጠሩ፣ ድርሻ አልተካፈሉ። ጎረቤት ስትወልድ ገንፎውን ማን ያገንፋ፣ ልብሱን ማን ይጠብ ተብሎ ተራ ወጥቶ ያውቃል? የበላቸውም ይኸው ነው። እያንዳንዷ "ሌሎቹ ቢረሱስ" እያለች ከሰጠችው ላይ ጨመር ታደርጋለች። እፀገነትም የመጣላትን ሁሉ በራሷ ባጅ ታስመዘግባለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት እንደደረሰ ግን አንዳቸውም አላሰቡትም።

ሲስተሙ አሰበው። በአራተኛው ሰኞ እስክሪኑ ላይ ከኮሌታ ሰፊዎች ሁሉ አንደኛ እፀገነት ሆና ወጣች። ሴቶቹ ተያይተው ሳቃቸውን አፈኑ። ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ያነበበችው ጁወይሪያ ናት።

"ውይ ዘይቱ... መስመር ሦስት መድቧታል።"

መስመር ሦስት የሸራ ካፖርት የሚሰፋበት ነው። ትእዛዙ አስቸኳይ ስለሆነ ሲስተሙ ፈጣን ያላቸውን እየለቀመ ወደዚያ ይወስዳል። መኪናው ላይ የሚሠራው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው፣ የሸራውን ጥቅልልም ከመሬት የምታነሳው ሰፊዋ ራሷ ናት። እፀገነት ሆዷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ሰዎች እንዲህ ያለውን አውሬ አላዩትም።

ዘይቱና ገረሱን ቢሮው በር ላይ ያዘችው።

"ይቺን ልጅ እዚያ ብታቆማት ደሟ በአንተ እጅ ነው!"

"እኔ መሰልኩሽ የመደብኳት?" አለ ገረሱ። "እኔ ራሴ ምን እንደምሠራ ጠዋት በስልኬ ነው የማነበው። ትሥራና ቁጥሯ ሲወርድ በሳምንቱ ራሱ ይመልሳታል።"

"በሳምንት ውስጥ ጽንሱ ቢወርድስ? ቁጥሩ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው! እኔ ነኝ የሰፋሁላት!"

ገረሱ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዘይቱና፣ አልሰማሁሽም። ከጻፍኩት አይሰረዝም፤ ምን እንደሚወስን ደግሞ እኔም አላውቅም።"

"ጻፍ!"

"ብቻሽን ነው የሰፋሽላት?"

ሦስቱን ሴቶች አሰበቻቸው። "ብቻዬን ነኝ" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገረሱ ጻፈው። እስኪወሰን ድረስ ብሎ እፀገነትን የዚያን ቀን ኮሌታዋ ላይ ተዋት፤ ቢያንስ ይህን አደረገ።

ማክሰኞ ጠዋት ዘይቱና ገና ፌርማታው ላይ ሳለች መልእክቱ ደረሳት። "እንኳን ደስ አለዎት" ይላል። አራት ሴቶች የሰፉት የሦስት ሳምንት ኮሌታ በሙሉ በእሷ ስም ተመዝግቧል። በፋብሪካው ታሪክ እንደ እሷ የሰፋ የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ መስመር ሦስት ትገባለች። ከታች ደግሞ አንድ መስመር ነበረች። አንድ ሰው ይህን ያህል መስፋት እንደሚችል ስለተረጋገጠ የኮሌታ ሰፊዎች ሁሉ የቀን ግዴታ ከፍ ብሏል።

የፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ እፀገነትና ጁወይሪያ ውጭ ቆመዋል። ባጃቸውን ሲያስነኩ ቀይ ይበራል። ሁለቱም ተጠባባቂ ገብተዋል፤ እፀገነት በእውነተኛው ቁጥሯ፣ ጁወይሪያ ደግሞ የሰጠችው ኮሌታ ከቁጥሯ ጎድሎ በአዲሱ ግዴታ ስለተለካች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ጁወይሪያ ዘይቱናን ስታይ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ታክሲው ሄደች።

"ማን ተናገሪልኝ አለሽ?" አለች እፀገነት። ድምፅዋ አልጮኸም። "አንድ ሳምንት እንደምንም ቆሜ ወደ ኮሌታዬ እመለስ ነበር።"

"ልጁስ? ልጁ ቢወርድብሽስ?"

"ልጁንም ሥራውንም ልይዝ ነበር የታገልኩት፣ ዘይቱዬ። አሁን ልጁን እወልደዋለሁ። ምን እንደማበላው አንቺ ንገሪኝ።"

ሲስተሙን ልትረግም አፏን ከፈተች፤ የማንን ስም ጠርታ ትርገም? ስልኳ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካልገባች ከቁጥሯ እንደሚቀነስ ይናገራል። ጥበቃው ጋሽ ይመር በአገጫቸው ወደ ውስጥ አመለከቷት። ሦስቱን ልጆቿን አሰበችና ራሷን ጠላች። ባጇን አስነካች፤ አረንጓዴ በራ።

"ግቢ በቃ" አለቻት እፀገነት ከኋላዋ፣ ትከሻዋን ገፋ እያደረገች። "አንቺ እንኳ አትቅሪ።"

እፀገነት ብትሰድባት ዘይቱና በወደደች ነበር።