የቦርከናን ድልድይ ማን ዘጋው

በጣሊያን ጊዜ ደሴ ላይ አዋጅ ነጋሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተፈተንኩት በጩኸት ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ሹም፣ ሁላችንም «ሲኞር» የምንለው ቀጭን ጣሊያን፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ዳገት አሳየኝና «እዚያ ወጥተህ ተናገር» አለኝ። ምን እንደምናገር ግን አልነገረኝም። ዳገቱ ላይ ወጥቼ ዞር ስል አፌ ላይ የመጣልኝ የጠፋች በቅሎ ነበረች። «ቦቃ በቅሎ ያየህ! ልጓሟን በጥሳ የሄደች!» እያልኩ ለፈፍኩ። ስመለስ ሁለት ሰዎች በቅሎዋን አይተናታል ብለው በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። እኔ በዕድሜዬ በቅሎ ኖሮኝ አያውቅም። ሲኞር ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ተቀጠርኩ።

ካኪ ኮት፣ ቆብና አፉ የሰፋ የቆርቆሮ ጡሩምባ ሰጡኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ሰይድ ናቸው። አያ ሰይድ የደሴው የሆጤ ሰፈር ሰው፣ የጽሕፈት ቤቱ ቱርጁማን ነበሩ፤ ጣልያንኛውን በጎልማሳነታቸው ምጽዋ ሲነግዱ ነው የለቀሙት። ሲኞር ይናገራል፣ እሳቸው ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ከዚያ ገበያ ወርጄ እለፍፋለሁ።

«ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ፤ ጩኸትህን እሱ ይሸከምልሃል» አሉኝ። «ገበያው ሳይሞላ አትጀምር። አንድ ጊዜ ተጣራና ዝም በል፣ ሰው ዞር ይበል። ሁለተኛ ስትጣራ ይጠጋል። ነገሩን የምትናገረው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ሥራውን ወደድኩት። የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ የፈንጣጣ ክትባት ነበር። ኮምቦልቻ ወርደን ስንለፍፍ እናቶች ልጆቻቸውን ከጎተራ ጀርባ ደበቁ። መርፌው ያመክናል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ገበያው መሀል ተከተብኩ። በሚቀጥለው ገበያ ያበጠውን ክንዴን እያሳየሁ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ተሰልፎ መጣ። በዚያ ዓመት ፈንጣጣው ወደ ቆላው መንደሮች ሲገባ፣ የተከተቡት ልጆች ሲድኑ አየሁ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ይመር ካለው እውነት ነው» ይሉ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

ድልድዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ያኔ ቦርከናን የሚሻገረው በእንጨት ድልድይ ነበር። ለበቅሎና ለእግረኛ ተብሎ የተሠራ ድልድይ ነው። ጣሊያን መንገዱን ሲያሰፋ ድንጋይና ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ይመላለሱበት ጀመር። በክረምቱ መግቢያ ዋናው ተሸካሚ ግንድ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። መኪና ሲያልፍበት ድምፁ ማዶ እስካሉት የማሽላ እርሻዎች ድረስ ይሰማል። የአንድ ነጋዴ ግመል እግሯ በጣውላው መሀል ሰጥሞ ተሰብሮ እዚያው ታረደች። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ያለፈ ሁሉ ያየው ነገር ነው።

ከድልድዩ ሥር እመት ዘሀራ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ማሽላ ያርሳሉ፣ ለመንገደኛ እርጎ ይሸጣሉ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ደሴ ጽሕፈት ቤት መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ልጆቻችን ከብት የሚያሻግሩት በእሱ ነው» አሉ። «ሰው ሳይበላ ዝጉልን።»

አያ ሰይድ ተረጎሙ። መንገድ የሚሠራው መሐንዲስ፣ እሱም ጣሊያን ነው፣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። «እውነታቸውን ነው» አለ ለሲኞር። «ነግሬህም ነበር። ለመኪና መዘጋት አለበት።»

ሲኞር ፊቱ ቀላ። ከአዲስ አበባ መንገዱን ሊጎበኝ የሚመጣ ትልቅ ሹም ነበረ፤ ጋዜጠኞች ቀድመውት ደሴ ገብተዋል። «ጋዜጣው መንገዱ አማረ ብሎ ጽፏል» አለ። «ነገ ደግሞ ተዘጋ ብሎ ይጻፍ? እንግዳው እስኪያልፍ ይቆይ።»

አያ ሰይድ ወደ እመት ዘሀራ ዞሩ። «ይታያል ይላሉ» አሏቸው።

«የሚታየውንማ አይተን ነው የመጣነው» አሉ እመት ዘሀራ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ወርደው ዝም አላሉም። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የድልድዩን ሁለት አፍ በእሾህ አጠሩት። ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ተኮልኩለው ቆሙ። ሲኞር ይህን ሲሰማ እኔን ጠራኝ። የተሰጠኝ ቃል አጭር ነበር፦ ድልድዩ ደህና ነው፤ መንገድ የሚዘጋ ይቀጣል።

በኮምቦልቻ ገበያ ዕለት ወረድኩ። ነፋሱን ከጀርባዬ አደረግሁ፣ ገበያው እስኪሞላ ጠበቅሁ፣ ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። ከዚያ ተናገርኩ። ድምፄ እንደዚያን ቀን ጠርቶ አያውቅም። ሰው ሰማኝ። እመት ዘሀራ የእርጎ ቅላቸውን መሬት አስቀምጠው ቀረቡኝ።

«ይመር» አሉኝ፣ «በፈንጣጣው ጊዜ ክንድህን አሳይተኸን ነው ያመንህ። ዛሬ ምን ታሳየናለህ?»

«እመት፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

«እንግዲያው ያዘዙህ ይምጡና ይሻገሩበት።»

ዛብጥያዎቹ፣ የጣሊያን ፖሊሶች ማለቴ ነው፣ እሾሁን አነሡት። እኔም እዚያው ኮምቦልቻ እንዳድር ታዘዝኩ። ሌሊቱን ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጧት ወደ ድልድዩ ስሄድ ወንዙ ቀልቶ ዳሩን እየበላ ነበር። እመት ዘሀራ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው፣ ብቻቸውን፣ እሾሁን መልሰው ጥለውታል። ክንዳቸው ደም በደም ነበር። ሁለት ዛብጥያዎች እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ሲወስዷቸው ደረስኩ። አዩኝ።

ወዲያው የቀን ሠራተኞች የጫነ መኪና ከደሴ በኩል መጣ። ሹፌሩ እሾሁን ሲያይ ፍሬን ይዞ ወረደና መሳደብ ጀመረ። ሠራተኞቹ ከላይ ሆነው «አንሣውና እንሂድ!» ይሉታል። አንድ ዛብጥያ እሾሁን በሰደፍ መግፋት ጀምሮ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ትልቅ ግንድ ከላይ በውሃው ተገፍቶ መጥቶ ምሰሶውን መታው። ድልድዩ መጀመሪያ ጎበጠ። ከዚያ መሀሉ ተቀደደና ጣውላው ሁሉ ወደ ታች ሄደ። ሹፌሩ ስድቡን አቋረጠ። ከሠራተኞቹ አንዱ ከመኪናው ወርዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን አቅፎ ቀረ።

የዚያን ዕለት እመት ዘሀራ ይፈታሉ ብዬ ነበር። ማንም እንደዚያ ያስባል።

ከቀትር በኋላ ሲኞር ከአያ ሰይድና ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር በመኪና ደረሰ። ጋዜጠኛው ወጣት ነው፣ ፎቶግራፍ ማንሻ አንጠልጥሏል። የተሰበረውን ድልድይና ያልተነካውን መኪና አይቶ ጉዳዩ ገባው። «ማን ነው የዘጋው?» ብሎ ጠየቀ። ሰዎች የእመት ዘሀራን ስም ጠሩ። አያ ሰይድ ሊተረጉሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲኞር ቀደማቸው።

«እኛ» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ክንዴን ይዞ እሾሁ ፊት አቆመኝ። ጡሩምባዬን በእጄ አስያዘኝ፤ እሱ በስተቀኜ ቆመ። ጋዜጠኛው ቀጥ በል አለኝ፤ ቀጥ አልኩ። ሆዴን እንኳ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ያን ጊዜ እመት ዘሀራ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ሰው ከወንዙ ዳር ሆኖ ያየናል።

ጋዜጣው ሲወጣ በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከፎቶግራፉ ሥር፣ ጽሕፈት ቤቱ አደጋውን አስቀድሞ አውቆ ድልድዩን እንደዘጋ፣ ትጉሁ አዋጅ ነጋሪም ሕዝቡን እንዳስጠነቀቀ በአማርኛ ተጽፏል። አንድ ቃል እውነት አልነበረበትም፤ ድልድዩ መውደቁ ብቻ ነው እውነቱ። ይህንኑ ደግሞ ገበያ ወጥቼ እንድናገር ታዘዝኩ። ተናገርኩት።

ደሴ ዙሪያ ያሉ ዘመዶቼ ወሬውን ሰምተው ቤቴ መጡ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ለስንት ነፍስ ደረሰ» ትላለች። የነፍስ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አስቁመው በሰው ፊት መረቁኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ምርቃቱን ተቀበልኩ። አንዳንድ ቀን ለእናቴ ልነግራት እልና ደስታዋን ሳይ እተዋለሁ። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን ኮቴን አውልቄ በጥቅልል ይዤው እሄድ ነበር።

እመት ዘሀራን ወደ ደሴ እስር ቤት አመጧቸው። ስንቅ ይዤ ሄድኩ። ጠባቂው ከፍርግርጉ ጀርባ ጠራቸው። ክንዳቸው ላይ እሾሁ የጫረው ገና አልሻረም።

«ጋዜጣውን ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ነገሩኝ። ወንድሜዋ፣ ስሜ እንዲጻፍ ብዬ አይደለም እሾህ የተሸከምኩ። አሁን የምሻው ማሽላዬን መጠበቅ ነው፤ ወፍ የሚገባበት ጊዜ ደርሷል። ጌታህ ያን ያህል ከወደደህ ንገርልኝ።»

ለሲኞር በአያ ሰይድ አፍ ነገርኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በእርጋታ መለሰልኝ። «ብፈታት ለምን ታሰረች ይሉኛል። መንገድ ዘግታ ነው ካልኩ፣ ታዲያ የዘጋው ማን ነው ይላሉ።»

አያ ሰይድ ይህን ተርጉመው ሲጨርሱ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። ውጭ ስንወጣ «ወላሂ ይመር፣ ይህን ሀራም በምላሴ አላሳልፍም» አሉኝ። በማግሥቱ ታምሜያለሁ ብለው ቀሩ፤ ተመልሰውም አልመጡ። እኔ መጣሁ። በእሳቸው ቦታ ሌላ ቱርጁማን ተተካ፤ እኔም ሲነግረኝ በቃሌ እይዛለሁ፣ ገበያ ወርጄ እለፍፋለሁ።

እመት ዘሀራ የተፈቱት ሲኞር ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ፣ አዲሱ ሹም እስር ቤቱ ጠበበኝ ብሎ ብዙ ሰው ሲለቅ ነው። ማን እንደሆኑም፣ ለምን እንደታሰሩም አልጠየቀም። ወርደው ሲያዩ ማሽላውን ወፍ ጨርሶታል። የቀረው አገዳ ነበር። ያን ዓመት የኖሩት ከጎረቤት እየተበደሩ ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። በኮምቦልቻ ገበያ ቀን፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ኮቱንና ጡሩምባውን ቤት ትቼ ሄድኩ። በባዶ ድምፄ ተጣራሁ። «የቦርከናን ድልድይ የዘጉት እመት ዘሀራ ናቸው! ጽሕፈት ቤቱ አይደለም! እኔም አይደለሁም! ያን መኪና ሙሉ ሰው ያተረፉት እሳቸው ናቸው፤ የታሰሩትም በዚሁ ነው!» ሰው ሰማ። ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሽማግሌ «እሱንማ እናውቃለን» ብለው ጨው መመዘናቸውን ቀጠሉ። ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ሹምም ሰምቶ አልቀጣኝም፤ ነገሩ የእሱ ነገር አልነበረም።

እመት ዘሀራ እርጎ ይሸጡ ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሰሙኝ?»

«ሰማሁህ።»

«አፉ ይበሉኝ።»

ለገዢያቸው ቀድተው ሰጥተው ሲያበቁ ቀና አሉ። «አፉ ብዬሃለሁ፤ ቂም አልይዝም። ግን አሁን ማን ይከለክልሃል? ያ ሰውዬ ሄደ፣ እኔ ተፈታሁ። ይህቺን ቃል ታስሬ ሳለሁ ብትላት ማሽላዬን እጠብቅ ነበር።»

መልስ ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞሩ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላም በማዘጋጃ ቤት ስንት ዘመን በዚሁ ሥራ ኖርኩ። ጡሩምባው ቀርቶ በመኪና ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ መጣ። የጎርፍ፣ የተስቦ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ ስናገር ኖሬያለሁ። የሚበዛው እውነት ነበር። እመት ዘሀራ እስኪሞቱ ድረስ በገበያው ሳልፍ ሰላምታዬን ይቀበሉኝ ነበር፤ ከአንገታቸው ቀና ብለው ግን አላዩኝም። ያን ፎቶግራፍ እናቴ ቆርጣ አኑራው ስለነበር፣ እሷ ስታርፍ ለማንም ሳላሳይ አቃጠልኩት።

ዛሬ በሬዲዮና በጋዜጣ የሚሠሩ ወጣቶች ስለ ሥራው ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው። አደጋውን አስቀድሞ ያየ ሰው አለ፤ ስሙን ጥሩ። የምትጠሩትም እሱ በታሰረበት፣ እናንተም በምትፈሩበት ጊዜ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሚነገር እውነት ለተናጋሪው እንጂ ለማንም አይጠቅምም።