ልጅ የለኝም ነው ያሉት

ጎባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ግን ሮቤ፣ ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ አንድ ታዋቂ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወገኖቼ» ማለት ሲጀምር ግን ተነሥተው ይዘጉታል።

«እርስዎ ሰው አያምኑም» እላቸዋለሁ።

«ሰውማ አምናለሁ። ካሜራ ፊት የሚያለቅስ ሰው ነው የማላምነው። ችግረኛ ከፈለግሁ በራችን ላይ አለ» ይሉኛል።

እናቴ ታማ በተኛችባቸው ወራት የምትወደው አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። ሕመሙ ሲበረታባት ምግብ እምቢ ትላለች። ድራማው ሲጀምር ግን በትራስ ደግፌ አስቀምጣታለሁ፤ እዚያ ላይ የምትጫወተው ተዋናይት ስትስቅ እሷም ትስቃለች፣ በመሃል ሾርባዋን በማንኪያ አጠጣታለሁ። ታዲያ እናቴ ካረፈች ከዓመት በኋላ የዚያች ተዋናይት የእርዳታ ዘመቻ አዘጋጅ ትምህርት ቤታችን መጣ። ከሳነቴ ተራራ ማዶ ሪራ ድረስ አብሮት ሄዶ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይፈልግ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እኔን ጠራኝ። ዓይኔን ሳላሽ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሮቤ ተነሣን። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ተዋናይቷን ራሷን አዞራት፤ ከፍታው ላልለመደው ሰው ይከብዳል። መኪናው ቆመ፣ ወርዳ መንገድ ዳር አስመለሳት። ጋቢዬን አልብሻት ጀርባዋን ይዤ ሳለሁ ስለ እናቴና ስለ ሾርባው ነገርኳት። እጄን ጨብጣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሯን ራሷ ጻፈችልኝ። ይህን የምናገረው ክፉ ሰው እንዳልነበረች እንዲታወቅልኝ ነው።

ሪራ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ልንቀርጻቸው የሄድነው አሮጊት ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጥቂት ፍየሎችና በማር ቀፎ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ከምድጃ በተነሣ እሳት ተቃጥሏል። ከተቃጠለው ጎን ግን አዲስ ቤት ቆሟል። ግድግዳው በቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ ተለስኗል፤ የቀረው ጣራው ነው። ካሜራ ያዡ ለአዲሱ ቤት ጀርባውን ሰጥቶ ዐመዱን መቅረጽ ጀመረ።

አሮጊቷ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ አዲስ ሻሽ አስረው መጡ። አዘጋጁ ከላይ እስከ ታች አያቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«አሮጌ ልብስ ይቀይሩ በያቸው።»

ነገርኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «አሮጌውማ ተቃጠለ» አሉ።

ተረጎምኩት። ተዋናይቷ ሳቀች፣ አሮጊቷም ሳቁ፤ በአዲሱ ቀሚስ ተቀረጹ።

ተዋናይቷ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ ያን ቀን ማን እንደደረሰላቸው ጠየቀች። መልሳቸው ረጅም ነበር። እስከ ዛሬ ቤቷ የምታሳድረኝ ይቺ ናት፤ ቀርከሃውን ከሐረና ጫካ በፈረስ ያመጣው ያ ነው፤ ጭቃውን ያቦኩት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ቀሚሱን የገዛችልኝ ያቺ ናት። በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ተናገሩ። አጥሩን ተደግፈው የሚያዩት ጎረቤቶች ተራቸው በደረሰ ቁጥር አፍረው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ገና መተርጎም ሳልጀምር የአዘጋጁ ትዕግሥት አለቀ። «ይሄ ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም። ብቻቸውን ናቸው ወይ በያቸው።»

ጠየቅኳቸው። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ኢጆሌ ሂንቀቡ» አሉ። ልጅ የለኝም ማለት ነው።

ተዋናይቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀኛለች። አዘጋጁ በእጁ ቶሎ በይ ይለኛል።

«ማንም የለኝም ነው የሚሉት» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አጥርቼ አላውቅም። በጉልበት ያስባለኝ የለም። ሥራው እንዲያምርላት፣ የእናቴ ተዋናይት ሪራ ድረስ በከንቱ እንዳትደክም ፈልጌ ይሆናል። እሷም አቅፋቸው አለቀሰች፤ የእውነት እንባ ነበር። አሮጊቷም ልጅ ስለሌላቸው ያለቀሰችላቸው መስሏቸው ፀጉሯን እየዳበሱ «አይዞሽ ልጄ፣ የረቢ ሥራ ነው» አሏት፤ የፈጣሪ ማለታቸው ነው። እሱን ደግሞ ጭራሽ አልተረጎምኩላትም።

ፕሮግራሙ በሳምንቱ ተላለፈ። አባቴን «የዛሬውን እንኳ አይዝጉት፣ እኔም አለሁበት» ብዬ ለመንኳቸው። ዐመዱ ታየ፤ ተዋናይቷ አሮጊቷን ስታቅፍ ታየ፤ ከሥር በትልልቅ ፊደል «ማንም የለኝም» የሚል ተጻፈ። የአሮጊቷ ድምፅ ግን አልጠፋም፣ ከሙዚቃው በታች ይሰማል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሌ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛቸው ከእኔ ይሻላል።

«ሴትዮዋ ልጅ የለኝም ነው ያሉት» አሉ።

ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም።

«ማን ነው ያስተረጎመው?» ብለው ዞሩ። ፊቴን አይተው መልሱን አገኙት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም፤ «እራት አቅርቢ» ብቻ አሉኝ። ቴሌቪዥኑንም እንደተከፈተ ተዉት።

ከዚያ ወዲያ የአሮጊቷ ፎቶ ሮቤ መናኸሪያ ተሰቀለ። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ሰብሳቢዎች በድምፅ ማጉያ እየጮኹ ሚኒባስ ውስጥ ይገባሉ፤ ፎቶውን ተሳፋሪው አፍንጫ ሥር ይዘው ሳይሰጥ አይሄዱም። አንድ ጠዋት ወደ ጎባ ልሄድ ተሳፍሬ ሳለሁ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ፎቶው የተለጠፈበትን ካርቶን በእጇ ገፋችው።

«እሷን ሴትዮ አውቃታለሁ። ያደረችው እህቴ ቤት ነው። ቤቷን የሠራነው እኛ ነን። ማንም የላትም የምትሉት ለምንድነው?»

«እኛ ምን እናውቃለን እትዬ፣ እንዲህ በሉ ተባልን» አለች ሰብሳቢዋ።

«ድሮም እንዲህ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ። «ታዋቂ ሰው ያለበትን ነገር ማመን ቀርቷል።» ሳንቲም ሊያወጣ ኪሱ ገብቶ የነበረው ሽማግሌ እጁን መለሰ። ሴትዮዋ ግን በመስኮቱ ታይ ነበር። ትከሻዋን ነክቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እስከ ጎባ አብሬያት ሄጄ ሳልናገር ወረድኩ።

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ቅዳሜ እንሄዳለን» አሉ።

«እርስዎ ለምን ይደክማሉ? ሳነቴ ብርድ ነው።»

«ካፖርቴን እለብሳለሁ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እንዳሉትም ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአውቶቡሱ መንገዱን ሁሉ እጃቸውን በእጄ መሃል አድርጌ አሞቅሁላቸው። አንድም ቃል አልመከሩኝም።

አሮጊቷ አሁንም ጎረቤታቸው ቤት ነበሩ። ሲያዩኝ እንደ መጀመሪያው ቀን ስመው ተቀበሉኝ። ባለቤቲቱ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። ቆሜ በኦሮምኛ ተናገርኩ። አዮ ያሉት ሌላ፣ እኔ ያልኩት ሌላ እንደሆነ፣ ስሕተት ሳይሆን እያወቅሁ እንዳደረግሁት። አዮ የምንለው በዚያ አገር እናት የሚሆኑንን ሁሉ ነው።

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። «ልጅ የለኝም ያልኩት አልበቃቸውም?» አሉኝ።



«እኔን እንኳ ተይኝ» አሉ ቀጥለው። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ገበታዋ ላይ ስቀመጥ አፍሬ ነው የበላሁት። ለእሷ ንገሪያት።»

ወደ ባለቤቲቱ ዞርኩ። «ምስጋና አልፈለግንም» አለችኝ ገና አፌን ሳልከፍት። «ግን የለንም ተባልን። ልጆቼ አያታችን ነች የሚሏት ሴት በቴሌቪዥን ማንም የለኝም አለች ተባለ። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ ናት» አሉ በኦሮምኛ። «አጥፍታለች። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ሌላ አልጨመሩም።

ሴትዮዋ የአባቴን ከንፈር አየች፤ በብርዱ ጠቁሯል። ከበሩ ገለል አለች። «አባትሽን አስገቢያቸው» አለችኝ። እሳት ዳር ተቀምጠው እርጎ በማር ተሰጣቸው። እኔም ተሰጠኝ። ልጆቿ ከፍየል ጥበቃ ሲመለሱ ነገሩን ራሴ እንድነግራቸው አደረገችኝ፤ ነገርኳቸው።

ሮቤ ስንመለስ ለተዋናይቷ ደወልኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «ያኔ ፀጉሬን ሲዳብሱኝ ምን እያሉኝ ነበር?» አለች። ነገርኳት።  በሁለተኛው ቀን ያለ ሜካፕ ተቀምጣ አጭር ቪዲዮ ለቀቀች፤ ቃሉ እንደዚያ እንዳልነበረ፣ ቤቱን ጎረቤት እንደሠራው ተናገረች። አዘጋጁ ደውሎ የማይደገም ስድብ ሰደበኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ደግሞ ያልሰጡት «ይኸው፣ አላልንም?» አሉ፣ የሰጡት ተቀየሙ። ቪዲዮውን ያየው ሰው ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም።

ቢሆንም በተሰበሰበው ገንዘብ ለጣራው የሚሆን ቆርቆሮ ክረምቱ ሳይገባ መጣ። አሮጊቷ እንዳስተረጉም እኔኑ አስጠሩኝ። ቆርቆሮውን ያመጡት ሰዎች ባነር ዘርግተው፣ እሳቸውን ብቻቸውን ቆርቆሮው አጠገብ አቁመው ሊያነሷቸው ፈለጉ።

«ሰዎቼ ይምጡ» አሉ።

«ሰዎቼ ይምጡ ነው የሚሉት» አልኩ።

እርሻ ላይ ያለው እስኪጠራ፣ ቀርከሃ ያመጣው ሰው ፈረሱን እስኪያስር ተጠበቀ። ሰዉ ሲሞላ ፎቶ አንሺው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ መንገዱ ላይ ደረሰ። እኔ ከጎኑ ልቆም ስል አሮጊቷ ከመሃል እጃቸውን ዘርግተው «አንቺም ነይ» አሉኝ። ባለቤቲቱ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ፎቶው እቤት አለ። የፀሐይ ጨረር ገብቶብኝ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ አባቴ ግን ጥሩ ወጥተሻል ይላሉ።