ቁይ ላይ የተነበይነው ጉንፋን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ኮሌጃችን በየወረዳው ላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአማርኛ መፈለጊያ ገጽ ሠርቶ ሰጥቶ ነበር፤ ተማሪውም መምህሩም የከተማው ሰውም በስልኩ ገብቶ የፈለገውን የሚጠይቅበት። ማን ምን እንደጠየቀ አይታየንም። በየትኛው ከተማና ትምህርት ቤት የትኛው ቃል እንደበዛ ግን እናያለን።

ይህን የሰሙ አንድ የጤና ኃላፊ አንድ ቀን ቢሮዬ መጡ። አዲስ አበባ ስብሰባ ሰንብተው "ሰው ሠራሽ አስተውሎት" የሚለውን ቃል ይዘው ተመልሰዋል።

"ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ስልኩን ነው የሚጠይቀው" አሉኝ። "ስለዚህ ስልኩ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል። አንቺ ደግሞ የስልኩን ሆድ ታውቂያለሽ። እንግዲህ ጉንፋን ከመግባቱ በፊት ንገሪን።"

ሐሳቡ እብደት አልነበረም፤ በሌላ አገርም ተሞክሯል። ከአንዲት የጤና መኮንን ጋር አጣመሩኝ። የቆዩትን ፍለጋዎችና የጤና ጣቢያዎቹን የጉንፋን ሪፖርት ሰብስበን ማሽን ያልነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም አበላነው። ማሽኑም "ሳል"፣ "አፍንጫ"፣ "ራስ"፣ "ደረት" የሚሉት ቃላት በበዙ ማግሥት ጉንፋን እንደሚበዛ ከራሱ ተማረ። አማርኛ አንዱን ቃል በብዙ መልክ ስለሚያረባ፣ እያንዳንዱን ቃል ወደ ሥሩ መልሶ እንዲቆጥር አደረግኩት። በዚህች ሥራዬ በጣም ኮርቼ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አልጠፋም። ደብረ ወርቅ መብራት ጠፍቶባት በሰነበተች ጊዜ ማሽኑ ከተማዋን ፍጹም ጤነኛ አላት። የጤና መኮንኗ፣ አሁን ጓደኛዬ የሆነችው፣ "ስልካቸው ተዘግቶባቸው እኮ ነው" ብትልም፣ ኃላፊው ዜናውን በስብሰባ ላይ እንደ ስኬት አነበቡት፤ ተጨበጨበላቸው።

ጥቅምት ገባ። የጮቄ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ዘልቆ ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ጉንፋን የሚመጣበትን በሚያቀላው ካርታችን ላይ የቁይ ከተማ ቀላች። ሌላው ወረዳ አረንጓዴ እንደሆነ ቁይ ብቻ በርበሬ መሰለች። ጓደኛዬ ቁይ ጤና ጣቢያ ደወለች።

"የሚያስለው በሽተኛ በዝቶባችኋል?"

"ኧረ ዛሬ እንዲያውም ማንም አልመጣም" አለቻት ነርሷ።

ለኃላፊው ነገርናቸው። ፊታቸው በራ። "አየሽ፣ ገና ስላልታመሙ ነው ያልመጡት! ትንበያ ማለት ይህ አይደለም እንዴ? መኪና ይዘጋጅ።"

አንድ ካርቶን ማስክና አንድ የድምፅ ማጉያ ጭነን ተነሣን። ሾፌራችን ከማርቆስ ሳንወጣ ማስነጠስ ጀመረ። አምበር ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እንደ ምንጭ ይፈስ ነበር።

"አንተ፣ ጉንፋን ይዞሃል" አለችው ጓደኛዬ።

"ኧረ እኔ ጉንፋን አያውቀኝም። አቧራ ነው።"

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነበር። ኃላፊው ግን የምንፈልገው ጉንፋን የቁይን ነው ብለው ነገሩን ዘጉት።

ቁይ ስንደርስ ገበያ ቆሞ ነበር። ሰዉ እህሉን ይሰፍራል፣ በጉን ያገላብጣል፤ የሚስል ሰው በዓይናችን ብንፈልግ አጣን። ማስክ ያጠለቁ ሦስት ሰዎች ከመንግሥት መኪና ሲወርዱ ግን ገበያው ፀጥ አለ። ኃላፊው ማጉያውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"የቁይ ሕዝብ ሆይ! ከባድ ጉንፋን እየመጣባችሁ ነው!"

በግ የያዙ ሽማግሌ ቀረብ አሉ። "ከወዴት ነው የሚመጣው ጌታዬ?"

"ቦታው አልታወቀም አባቴ።"

"እናንተስ ከወዴት መጣችሁ?"

"ከማርቆስ።"

"እንግዲያ አብሮ ሳይሳፈር አልቀረም" አሉና በጋቸውን ይዘው ሄዱ።

ሌላው ግን እንደ እሳቸው አልሄደም። አንዱ ነጋዴ ጋር የነበረው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወዲያው አለቀ። ሕፃን ያዘለች ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ ወንዱም ተከተለ። ስልክ ያለው ደግሞ ቆሞ "ጉንፋን" እያለ ይፈልጋል። የኃላፊው ታብሌት ላይ ቁይ ከቀይም አልፋ ጠቆረች።

"ይኸው!" አሉ ታብሌቱን ወደ ሰማይ አንሥተው።

እኔ የጠዋቱ ፍለጋ ከየት እንደመነጨ ሳይ አብዛኛው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ወደዚያው ሄድን። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ መምህር ተቀበሉን። ጓደኛዬ ማስኳን አስተካክላ ጠየቀቻቸው።

"ተማሪዎችዎ ይስላሉ?"

መምህሩ ፈገግ አሉ። "በደንብ ይስላሉ እንጂ! ማን ነገራችሁ?"

"ሁሉም ናቸው?"

"ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም።"

"ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ?"

"ለጊዜው ደረቁን ነው። እርጥቡን ገና አላስጀመርኳቸውም።"

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። "ሌሊትስ ይስላሉ?"

"መብራት ካለ ሌሊቱን ሙሉ ይስላሉ ይላሉ ወላጆቻቸው። እንቅልፍ አጥተዋል።"

"ታዲያ የሚያስቆማቸው ነገር አልተሰጣቸውም?"

"ለምን ይቁሙ?" አሉ መምህሩ ቅር ብሏቸው። "ስንት ደክሜ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ! ከእኔ በፊትማ እዚህ ትምህርት ቤት አንድ የሚስል ልጅ አልነበረም።"

ጓደኛዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። በጤና ሥራዋ ሁሉ የበሽታን መነሻ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ሲናገር አግኝታው አታውቅም። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ።

"መምህር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ሥዕል ነዋ!"

በሩን ከፈቱልን። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ገና የውኃ ቀለም ሳይነካቸው በደረቅ እርሳስ በተሣሉ አፍንጫዎች ተሞልቷል። ቀጭን፣ ደፍጣጣ፣ ጎራዳ፣ ሰልካካ፤ ቀጥሎ ጆሮ፣ ቀጥሎ ራስ፣ ቀጥሎ ደረት። መምህሩ ለፈተና ሰው ከራሱ እስከ ደረቱ እንዲሥሉ አዝዘው "የጎደላችሁን ከኢንተርኔት ፈልጉ" ብለዋቸዋል። ልጆቹም "አፍንጫ እንዴት ይሳላል"፣ "የራስ አሳሳል"፣ "ደረት ለመሳል" እያሉ ሰነበቱ። የእኔ ማሽን ደግሞ ያን ሁሉ በትጋት ወደ ሥሩ መልሶ፣ ሳል፣ ሳል፣ ሳል ብሎ ቆጠረ። ጓደኛዬ ተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አዳራሹ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። በሩ ላይ ማስክ የሚያድለው ሾፌራችን ነው። ማስኮቹ ተጣብቀው አልላቀቅ ስላሉት ጣቱን በምላሱ እያረጠበ ይለያያቸዋል፤ መሐል መሐል ላይ ያስነጥሳል። ጓደኛዬ ጮኻ ካርቶኑን ነጠቀችው። ካርቶኑ ግን ባዶ ነበር።

ኃላፊውን ወደ ጥግ ወስጄ ጉዳዩ ሥዕል መሆኑን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን መጣ?"

"እርስዎ ጠርተውት ነው እኮ።"

"ጠርቼውስ ቢሆን ጤነኛ ሰው ጤና ጣቢያ ይመጣል?" አሉና ወደ ሕዝባቸው ተመለሱ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ነርሷ ደወለች። ቁይ በጉንፋን ተይዛለች፤ ጤና ጣቢያው መቆሚያ አጥቷል። ደግነቱ ለክፉ የሰጠው ሰው አልነበረም። እኔም አልጋ ላይ ሆኜ ነበር ስልኩን ያነሣሁት፤ ድምፄ ተዘግቶ "እሺ" ማለት እንኳ አቅቶኛል። ኃላፊው ግን በደስታ የሚሆኑትን አጡ። "ሳል" የሚለው ቃል ይስተካከል ብዬ ብጽፍላቸው "በመላው ዞን የሠራልን አንድ ቃል እሱ ነው!" ብለው ከለከሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ማርቆስ ላይ ስለ ስኬታችን ዐውደ ጥናት ተዘጋጀ። ድምፄ ስላልተመለሰ ጓደኛዬ በእኔ ፋንታ ወጣች። እሷ ደግሞ መዋሸት አታውቅበትም። አፍንጫዎቹን፣ መምህሩን፣ ሾፌሩን፣ በምላስ የረጠበውን ማስክ ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገረች። አዳራሹ በሳቅ ተንፈራፈረ። እኔ ኃላፊውን አየሁ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። አዘንኩላቸው። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ በየክረምቱ መድኃኒት ዘግይቶ ሲደርስ ያዩ ሰው ናቸው፤ አንዴ እንኳ መቅደም ነበር የፈለጉት።

ቀስ ብለው ተነሡ። ሳቁ ረገበ።

"እንግዲህ" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ማሽኑ ሾፌሩን ጭምር ተንብዮ ነበር ማለት ነው።"

ጭብጨባው ከሳቁ በለጠ። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

እኔ ስድን ማንንም ሳላስፈቅድ ማሽኑን አስተካከልኩት። አሁን ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ጋር ያነባል፤ ጓደኛዬም ከተማ በቀላ ቁጥር ነርስ ሳታናግር መኪና አታስነሣም። በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ጉንፋን በእውነት ቀድመን አግኝተናል። ማንም አላጨበጨበልንም።

ኃላፊው ወደ እንስሳት ጤና ተዛውረዋል። በቀደም ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደ ጥንቱ ሞቅ ያለ ነው።

"በሬ ሲታመም ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው?" አሉኝ።

"ባለቤቱ ነዋ" አልኳቸው።

ሲያስቡ ይሰማኛል።

"ባለቤቱ ስልክ አለው?"