የጀሊላ በርና የመሪዎቹ ፊት

ጀሊላ ባህር ዳር ገበያ ዳር፣ ባሏ ኑርሑሴን ሲሞት በተወላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቅመም ትሸጥ ነበር። ሰው ሲያናግራት የራሷን ጣቶች እንጂ የሰውየውን ፊት አታይም፤ ከሐይቁ ትንሽ ነፋስ ከመጣ ደግሞ ድምፅዋ ጭራሽ አይሰማም። ጣቶቿ ግን አያፍሩም። አሮጌ ጋዜጣ በአንድ እጇ ጠቅልላ ጫፉን ቆልመም ታደርግና፣ ገዢው ሳንቲሙን ከኪሱ ፈልጎ ሳይጨርስ ቅመሙን ሞልታ ታቀብለዋለች።

ጋዜጣውን የምታገኘው ከአለበል ነው። አለበል የአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ዘጋቢ ሲሆን፣ ሳይሸጥ የቀረውን ተሸክሞ ያመጣላትና በምትኩ ለሚስቱ ኮረሪማ ይወስዳል። በዚያ በደርግ ዘመን ጋዜጣ ማለት የመሪ ፊት ነበር፤ መሪ ሲመርቁ፣ መሪ ሲጎበኙ፣ መሪ ሲያጨበጭቡ፣ ለመሪ ሲጨበጨብ።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ፣ ጓድ አስማማው፣ የተጨማደደ ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ጓዲት ጀሊላ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥቁር አዝሙድ የነበረበት ነው፣ ጓድ።»

«ስለ አዝሙዱ ማን ጠየቀሽ? ፊቱን ነው የምልሽ! የመሪ አፍንጫ ላይ አዝሙድ! ሁለተኛ የመሪ ፊት ባለበት ወረቀት ስትጠቀልይ ባገኝሽ ሱቁን አሽገዋለሁ!»

ሱቁ ከታሸገ ጀሊላ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። በዚያው ቀን የጨርቅ መቀሷን አነሣች። ከየገጹ ፊቱን ዙሪያውን እየከረከመች ታወጣለች፤ ኮፍያ ያለውን ከነኮፍያው፣ መነጽር ያለውን ከነመነጽሩ። ጋዜጣው ወንፊት ሆነ።

«አንቺ ጀሊላ፣» አለቻት ደንበኛዋ ሸጊቱ፣ «ወጤን ትቼ ከገበያ እስከ ቤቴ ድረስ መንገዱን ቀምሜው ገባሁ እኮ!»

ፊቶቹ ደግሞ ጆንያ ሞልተው መውደቂያ አጡ።

«አለበል፣ እነዚህን ምን ላድርጋቸው? ላቃጥላቸው?»

«መሪ አቃጠሉ ይባላሉ፣ እትዬ።»

«ሐይቅ ብጥላቸውስ?»

«ተንሳፍፈው እዚያው ቀበሌው ደጃፍ ይወጣሉ።»

«አንተስ ምን አድርግ ብለውህ ነው እንዲህ የምታበዛቸው?»

አለበል ሳቀ። «ሳሳንስ ‹ለምን አሳነስኸን› ብለው ይጠሩኛል። ሳበዛ የእርስዎ አዝሙድ ጦስ ለእኔ ይተርፋል። ባለፈው ሰሞን አንዱን ባለሥልጣን ከጎኑ ፎቶ አነሣሁትና ‹ጆሮዬን ብቻ አወጣህ› ብሎ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቆመኝ። እኔም እንደ እርስዎ መቀስ ቢሰጡኝ ግልግል ነበር!»

እንዲህ እየተጠነቀቀችም አንዱ አመለጣት። በስብሰባ ፎቶ የኋለኛው ረድፍ ላይ፣ አተር የምታህል ፊት። ጓድ አስማማው ወረቀቱን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አያትና፣ «ቅዳሜ ማሸጊያዬን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወረቀቱን እዚያው ትቶላት ሄደ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀሊላ ሱቋን ዘጋች። ዱቄት በውሃ በጥብጣ ሙጫ እንዲሆን አማሰለችና በሁለቱ የበር መዝጊያዎች ላይ፣ በመቃኑ ላይ፣ በቁልፉ ዙሪያ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ለጠፈች። ታላላቆቹን ከላይ፣ ታናናሾቹን ከታች። አተሯን ፊት ግን ቦታ መርጣ ከቁልፉ ቀዳዳ አጠገብ አኖረቻት። መዝጊያዎቹ የሚገጥሙበት ቀጭን መስመር ብቻ ባዶውን ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ አስማማው ማኅተም የተመታበት የማሸጊያ ወረቀቱንና የሙጫ ጣሳውን ይዞ ሲመጣ፣ ገበያተኛው በሩ ፊት ቆሟል። ጀሊላ ብቅ በልልኝ ብላው አለበልም መጥቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ጓድ አስማማው።

«ክብር ነው፣ ጓድ» አለች ጀሊላ ጣቶቿን እያየች። «መሬት አይውደቁ ብዬ ነው።»

ጓድ አስማማው ወረቀቱን ወደ ላይ ሰነዘረ፤ የአንዱን ጄኔራል ዓይን ሊሸፍን ሆነ። ዝቅ አደረገው፤ የሚኒስትር አፍ ላይ ሊለጠፍ ሆነ። ወደ ቁልፉ ሲያመጣው አተሯ ፊት ቀና ብላ አየችው።

«የቱ ላይ ልለጥፈው ነው?» አለ ላብ እየመጣው።

«ጓድ የመረጡት ላይ» አለች ጀሊላ።

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጓድ አስማማው ዘወር ሲል ያየው አለበልን ነው።

«ጥፋቱ ያንተ ነው! ይኼን ሁሉ ፊት ማን አትም አለህ? በዛ እኮ!»

አለበል በትሕትና እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። «ጓድ አስማማው ‹የመሪዎቻችን ፎቶ በዛ› አሉ ብዬ ልጻፍ?»

«ማን? እኔ? አልወጣኝም!»

«ታዲያ አነሰ ልበል?»

«ምንም አትበል!» ብሎ የማሸጊያ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሰው ተነቃንቆ ወደ ገበያው ሲበተን ጀሊላ በሯን ገፋ አድርጋ ከፈተች፤ ጄኔራሎቹም ሚኒስትሮቹም ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፏት። ጓድ አስማማው የሙጫ ጣሳውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። መሄዱ ሽንፈት መስሎ ታየው መሰለኝ፣ ተከትሏት ገባ።

«ለቤት... ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ስጪኝ።»

ጀሊላ እጇን ወደ ጋዜጣው ሰደደች።

«ቆይ! ቆይ!» አለና መሀረቡን ከሱሪው ኪስ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «እዚህ ላይ አድርጊው።»